የጌጡ ጅብ

ያ ጅብ መጀመሪያ ላይ ውሻ ነበር። ይህን ከፈንታነሽ በቀር የሚያስታውስ ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ ያለ አይመስልም፤ ካለም አፉን ይዟል። የዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ እሷን ጨምሮ አራት ሆነው ለገና ላሊበላ በእግር ሄደው፣ በመኪና ተመልሰው፣ የእግራቸው ቁስል ገና ሳይደርቅ ማኅበር ላይ ሲቀመጡ፣ ልብስ ሰፊው ሙላቴ «ጌጡን መንገድ ላይ አንድ ውሻ አስደነገጠው» አለ። ይኸው ነው። ሰው ፈገግ አለ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ወሬው ወደ ገብስ ዋጋ ዞረ።

በዓመቱ ውሻው ጅብ ሆኖ መጣ። ቀጥሎ ጅቡ ማባረር ጀመረ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይመልሰው! ሙላቴ ሱሪ ሲያሳጥር እንደማይሳሳት ሁሉ ወሬ ሲያስረዝምም አይሳሳትም፤ በየዓመቱ አንድ ክንድ ይቀጥልበታል። ጌጡ ጋቢውን ጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዘለለ። ጋቢው የቀጋ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት መነኩሲት ተኝተው ኖሮ ሌባ የመጣ መስሏቸው በመቋሚያቸው ጀርባውን አቀመሱት። ጌጡም «እማሆይ፣ ከኋላዬ ያለውን ይምቱልኝ!» ብሎ ጮኸ። ይህቺ የመጨረሻዋ ከተጨመረች ወዲህ ማኅበርተኛው ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል፤ ቄሱ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ጌጡ የፈንታነሽ ባል ነው። ነበር ማለት ይሻላል፤ ከሞተ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ግንበኛ ነበር። በሰፈሩ ዛሬም ያልዘመመ የድንጋይ አጥር ከታየ የእሱ እጅ አለበት። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር፤ ድንጋይ ሲጠርብ ውሎ ቤት ሲገባ ከአፉ ቃል ለማውጣት መዶሻ ያስፈልግ ነበር። በሕይወት ሳለ ሙላቴ ያንን ወሬ ሲጀምር እሱም እንደ ማንም ሰው ዋንጫውን ይዞ ያዳምጣል፤ ሲያልቅ ፈገግ ይላል። ወደ ቤት ሲመለሱ ፈንታነሽ መንገዱን ሙሉ ትነዘንዘዋለች።

«ለምን ዝም ትለዋለህ? መቼ ነው ጅብ ያባረረህ?»

«ተይው፣ ይሣቁ።»

«በአንተ እኮ ነው የሚሥቁት!»

«ምን አለበት። ብርድ ነው፣ ይሙቃቸው።»

ከዚህ ሌላ መልስ አግኝታ አታውቅም። አባረረኝም፣ አላባረረኝም አላለም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ጨጓራዋን ይልጠዋል። አንድ ቀን እንኳ «ውሸት ነው» ብሏት ቢሆን ኖሮ ያችን ቃል ይዛ ማኅበሩ ፊት ትቆም ነበር። እሱ ግን እንዳቀረቀረ፣ እንደ ፈገገ ሄደ።

ሲሞት ወሬው አብሮት ያርፋል ብላ ነበር። ይባስ ብሎ ፋፋ። አሁን ደግሞ መንገዱ ሰላም ባጣበት ዘመን፣ እንኳን ላሊበላ ገሳይ ደርሶ ለመምጣትም ሰው ደጋግሞ በሚያስብበት ጊዜ፣ የአራቱ ጉዞ የማኅበሩ ሁሉ ጉዞ ሆነ። ያልሄዱት እንደ ሄዱ ያወራሉ። ነፋስ መውጫን አልፎ የማያውቅ ሰው የጨጨሆን ገደል ጥልቀት ለፈንታነሽ ሊያስረዳት ይነሣል፤ እሷ፣ በእግሯ የወረደችው፣ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች።

ነገሩ ልኩን ያለፈው ግን በጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ፈንታነሽ የዘር ድንቿን ገበያ ላይ ሸጣ፣ ባዶ ጆንያዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትመለስ ከግቢዋ ውስጥ ሣቅ ሰማች። ምራቷ ኤሌኒ ናት። ኤሌኒ የአንበሳሜ ልጅ ነች፤ የፈንታነሽን ልጅ አስናቀን ካገባች ዓመት አልሞላትም፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ መታየት ጀምሯል። ጌጡን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ጌጡ በእጁ የካበውን አጥር ተደግፋ ለጎረቤት ሴት ታወራለች።

«ከዚያማ አባባ ጋቢያቸውን ጥለው ዘለሉ! ጅቡ ከኋላ፣ እማሆይ ከፊት! ‹ከኋላዬ ያለውን ይምቱልኝ› አሏቸው! ወይ አባባ!»

በአንቱታ፣ በፍቅር፣ እንባዋ እስኪፈስ እየሣቀች ነበር የምታወራው። ፈንታነሽ ጆንያዋን መሬት ላይ ወረወረችው። ጎረቤቲቱ ነገሩ አላምር ስላላት ሥራ እንዳለባት ትዝ አላትና ሄደች።

«ማን ነው ይህን የነገረሽ?» አለች ፈንታነሽ።

«ጋሼ ሙላቴ ናቸው፣ እማማ። ቀሚስ ላሰፋ ሄጄ…»

«ውሸት ነው!»

ኤሌኒ ሣቋን ዋጠች። «ይቅርታ እማማ፣ በክፉ አይደለም። ደስ ስላሉኝ ነው። ስለ አባባ ሌላ የሰማሁት ነገር እኮ የለም። አስናቀ እንደሆን አያወራኝም።»

ፈንታነሽን የወጋት ይህ ነው። ሌላ የሰማችው የለም! ልጁ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ አንድ ቀን አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር ይላል፤ እናቱም ያላትን ትሰጠዋለች። ያላት ደግሞ ጅብ ነው። ዕድሜዋን አብራው የጨረሰችው ሰው፣ አንድም ቀን ክፉ ሳይናገራት፣ አንድም ቀን ከሥራ ሳያርፍ የሄደው ሰው፣ ለልጅ ልጁ የሚደርሰው ጋቢውን ጥሎ ሲሮጥ ነው። እንዲህ ከሚሆን ጭራሹን ባይነሣ ይሻላል ብላ አሰበች፤ ይህን ማሰቧን በኋላ ተጸጽታበታለች።

«ቁጭ በይ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለች። «ከጨጨሆ ማዶ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አደርን። ጠዋት ስነቃ ጌጡ ጋቢ የለውም፤ በነጠላ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። ሌሊት አንዲት መነኩሲት በብርድ ሲንቀጠቀጡ አግኝቶ ጋቢውን አልብሷቸው ነው። አባባሽ ማለት ይኸ ነው።»

«እሳቸው ነገሩዎት?»

«እሱማ መቼ ይናገራል።»

«እማሆይን አዩዋቸው?»

ፈንታነሽ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ያየቻቸው ይመስላታል፤ ቀጠን ያሉ፣ መቋሚያ የያዙ። ፊታቸው ግን አልመጣልሽ አላት።

«አይቻቸዋለሁ» አለች።

«እሺ እማማ» አለች ኤሌኒ። ትልቅ ሰው ላለማስቀየም የሚባለው እሺ ነበር። ፈንታነሽ ያችን እሺ ታውቃታለች፤ እሷም ለአማቷ ስትላት ኖራለች።

ምስክር ያስፈልጋታል። ሙላቴ ውሸታም፣ ጌጡ ሟች። የቀረችው አራተኛዋ ሰው እቴነሽ ነች፤ እሷ ደግሞ ልጇ ዘንድ ገብታ ሐሙሲት መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ፈንታነሽ በሳምንቱ ሐሙስ ማልዳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ወረታ ላይ መኪናው ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ ረፈደ፤ ሐሙሲት ስትደርስ ገበያው ደርቷል። እቴነሽን ሽምብራ ዘርግታ አገኘቻት። ተሳሳሙ፣ ስለ ጉልበታቸውና ስለ ወገባቸው ተጠያየቁ፣ ከዚያ ፈንታነሽ አላስቻላትም።

«የላሊበላን መንገድ ታስታውሺዋለሽ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! በባዶ እግራችን!»

«ምን ባዶ እግር፤ ሁላችንም ኮንጎ ጫማ ነበረን እኮ።»

«በባዶ እግራችን ነው እንጂ! ጋሸና ላይ ደግሞ ያ ብርሃን ሲታየን…»

«የምን ብርሃን?»

«ከሰማይ የወረደው ነዋ! አንቺማ ምን ታያለሽ፣ አቀርቅረሽ አይደል የምትሄጂው።»

ጋሸና ላይ ከሰማይ የወረደ ነገር ቢኖር አቧራና ነፋስ ነው፤ ዓይኗ ቀልቶ እንደ ነበር ፈንታነሽ አሁንም ትዝ ይላታል። ቢሆንም መጥታለች፤ መጠየቅ አለባት።

«ያን ሌሊት፣ ጌጡ ጋቢውን ለመነኩሲቷ የሰጠ ጊዜ…»

«ለየቷ መነኩሲት?»

«በብርድ ሲንቀጠቀጡ ለነበሩት።»

እቴነሽ ሽምብራ መስፈሯን ትታ አየቻት። «ፈንቴ፣ ምን ሆነሻል? ምን መነኩሲት ነበሩ? መነኩሲቷን ሙላቴ ነው የጨመራቸው። እኔም እናንተ ዘንድ ሳለሁ ነው፤ እዚያው ማኅበር ላይ፣ ለሣቅ ብሎ።»

ፈንታነሽ በገበያው ጫጫታ መሐል ቆማ ያችን ቀጭን መነኩሲት በሐሳቧ ፈለገቻቸው። አሉ። መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል። ግን መቋሚያው የሙላቴ መቋሚያ ነው፤ ጌጡን ጀርባውን ያቀመሱበት። እሷ ያደረገችው ቢኖር ዱላውን አስጥላ ጋቢ ማልበስ ብቻ ነው።

«ታዲያ ጋቢው የት ሄደ?» አለች።

«ጋቢውማ አንቺ ላይ ነበር! አተኩሶሽ ስትቃዢ አላደርሽም? በራስሽ ጋቢ ላይ ደርቦ አለበሰሽና እሱ በነጠላ ተቀምጦ አነጋ። ሊነጋጋ ሲል በላብሽ ርሶ ስለነበር አንሥቶ ቀጋው ላይ አሰጣው። ሙላቴ ነቅቶ ‹ጋቢህን እዚያ ምን ሰቀለው?› ሲለው ምን ይበል ምስኪን? ለሚስቴ አልብሼ ነው ይበል? አፈረ። ‹ውሻ አስደንግጦኝ ጣልሁት› አለ። ከዚያ ነው የመጣ ነገሩ ሁሉ።»

«አተኩሶኝ ነበር?»

«እንዴ! ስትቃዢ!»

ፈንታነሽ ስትመለስ በሚኒባሱ መስኮት ግንባሯን አስደግፋ ትኩሳቱን ፈለገችው። የለም። ብርዱን፣ የመሬቱን ጠጠር፣ የስንቁን በሶ ሽታ አገኘች፤ ትኩሳት የሚባል ነገር የለም። እቴነሽ እውነቷን ከሆነ፣ ጌጡ በሕይወቱ ሙሉ ያደረገላትን ትልቁን ነገር ተኝታበታለች፤ ለማመስገን እንኳ ሳትበቃ ሰውየው ሞቷል። እቴነሽ ሐሰቷን ከሆነ ደግሞ ምንም የላትም። ብታምናት በወደደች! ግን ያች እቴነሽ እኮ በአንድ ትንፋሽ የአራት ሰው ጫማ አውልቃ ከሰማይ ብርሃን ያወረደች ሴት ናት። እንዴት ብሎ ጋቢውን ብቻ ለይቶ ማመን ይቻላል?

ወረታን ሳያልፉ ንዴቷ ሁሉ ሙላቴ ላይ አረፈ። ውሸቱ አይደለም ያናደዳት፤ ውሸት ለምዳለች። ራሷ ውስጥ ገብቶ የእሷን ትዝታ አውጥቶ የራሱን ማስቀመጡ ነው። አሁን ያችን ሌሊት ባሰበች ቁጥር የምታየው ጌጡን ሳይሆን የሙላቴን መነኩሲት ነው።

የኅዳር ሚካኤል ተራው የእሷ ነበር። የማኅበሩ ጽዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በቤቷ አለ፤ ሥጋው ተሠርቷል፣ ጠላው ደርሷል፣ ኤሌኒ በዚያ ሆዷ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሰው በልቶ ሲጠግብ፣ አንዱ ከጥግ «ሙላቴ፣ እስቲ ጅቡን!» አለ። ገና ሲቃረብ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ሙላቴ ዋንጫውን አስቀመጠ፤ ጺሙን ጠራረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የጌጡ የልብ ጓደኛ ነበር፣ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። ግን ሰው ሲሥቅለት ራሱን አያውቅም። ጨጨሆን ወረደ፣ ማዶውን ወጣ፣ ቅጽሩ ውስጥ አስተኛቸው፣ ጅቡን አመጣ። የዘንድሮዋን አዲሷንም አመጣ፤ ጌጡ አጥሩ ላይ ሳለ ጅቡ የሱሪውን መቀመጫ ገንጥሎ አስቀረው፣ «እኔ ነኝ ላሊበላ ላይ የጣፍሁለት፤ በቀይ ክር! ሌላ ክር አልነበረኝማ!» ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ኤሌኒ እንስራውን እንደያዘች ወደ አማቷ አየችና ላለመሣቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም፣ ፈነዳች።

ፈንታነሽ ጭልፋውን ወረወረች። ሄዳ ጽዋው ፊት ቆመች።

«ሙላቴ! በዚህ ጽዋ ይዤሃለሁ! ከዛሬ ጀምሮ በላሊበላ ወሬ የጌጡን ስም በአፍህ እንዳታነሣ! እናንተም ሁላችሁ! ይዣችኋለሁ!»

ሣቁ ተቆረጠ። በጽዋው መያዝ ቀላል ነገር አይደለም። በጽዋው የተያዘ ሰው ያዡ እስኪፈታው ድረስ ይታሰራል፤ በዚያ ማኅበር የተጣላ ታርቆበታል፣ ክስ ያለው ክሱን ትቶበታል፤ ጥሶት የሄደ ሰው ግን አይታወቅም። ቄሱ «እንዴ ፈንታነሽ፣ በዓል ነው፣ ረጋ በይ እንጂ» አሉ። አልሰማቻቸውም። ሙላቴ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ተነሣ፣ ወደ ጽዋው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ «ተይዣለሁ» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ቀን ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ሰውም ከወትሮው ቀደም ብሎ ተበተነ።

የዚያን ለት ፈንታነሽ ደስ ብሏት ተኛች። ደስታው ግን አልሰነበተም። ገበያ ላይ «የጅቡ ባለቤት!» እያሉ የሚተርቧት ድንች ሻጮች እንደምን ዋልሽ ብለው ብቻ ያልፏታል። ሙላቴ በበሩ ስታልፍ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ እጅ ይነሣና ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ቤት ውስጥም ኤሌኒ አባባ የምትለውን ቃል ጭራሽ ተወች። ፈንታነሽ ዝምታውን ስትመኘው ኖራ አሁን ሲመጣ ምን እንደምታደርገው ጨነቃት። ያን የጋቢ ነገር ለምራቷ ልትነግራት ስንት ጊዜ ተነሥታ ተቀመጠች። ምን ልትል? ባሌ ጋቢውን አልብሶኝ አደረ ብላ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ ለልጅ ሚስት? ደግሞ ራሷ ያላየችውን? ደግሞ ከእቴነሽ አፍ?

የታኅሣሥ ሚካኤል ተራ የብዙነሽ ሆነ። ብዙነሽ ከገሳይ መጥታ ሰፈሩ ውስጥ የከተመች ገና ወጣት ሴት ነች፤ ማኅበሩን ከተቀላቀለች ወራትም አይሆናት፣ የኅዳሩ ጠብ ዕለትም አልነበረችም። ጾም ስለሆነ ሽሮና ንፍሮ አቅርባለች። ፈንታነሽ ዳቦ አስይዛ ኤሌኒን ይዛት ሄደች። ከምግብ በኋላ ብዙነሽ፣ ቤቱ ጭር ማለቱ ያሳፈራት ይመስላል፣ «ጋሼ ሙላቴ፣ ላሊበላ በእግርዎ ሄደዋል አሉ። እስቲ ያውሩን፣ ገናም ደርሷል» አለች።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሙላቴን፣ ቀጥሎ ጽዋውን፣ ቀጥሎ ፈንታነሽን አየ። ሙላቴ ትንሽ አሰበ።

«ሦስት ሆነን ሄድን» አለ።

ፈንታነሽ የተሳሳተ መስሏት ነበር። አልተሳሳተም። ገሳይን ሦስት ሆነው አለፉ፣ ክምር ድንጋይ ላይ ሦስት ሆነው አረፉ። ቀልድ የለበትም፣ ጥሩ ወሬ ነበር፤ ተራራው፣ ብርዱ፣ በየመንገዱ እግራቸውን ያጠቡላቸው ሰዎች። የውሃውን ጀሪካን ማን ተሸከመ? «እኔ» አለ ሙላቴ። ጌጡ ነበር የተሸከመው! ከደብረ ታቦር እስከ ላሊበላ ጀሪካኑ ከጌጡ ትከሻ አልወረደም። አንድ ሰው እንኳ አላረመውም። የሚያውቁት መሬት መሬት ያያሉ፤ የማያውቁት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቅጽሩ ውስጥ ሦስት ሆነው ተኙ፣ ሦስት ሆነው ነቁ።

«ሁለት ሴቶች ይዘው ብቻዎን!» አለች ብዙነሽ። «ወንድ ነዎት!»

«አራት ነበርን!» አለች ፈንታነሽ። ጮኸች ማለት ይቻላል።

«አራተኛው ማን ነበሩ?»

ሙላቴ ወደ እግሩ አየ።

«ባሌ ነው። ጌጡ።»

«እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?»

ይኸው፣ ስትጠብቀው የኖረችው ጥያቄ። ጅብ የለ፣ መነኩሲት የለ፣ ሙላቴ ታስሯል፣ ኤሌኒ አጠገቧ ተቀምጣለች፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። «ጥሩ ሰው ነበር» አለች። «ግንበኛ ነበር። ብዙ አይናገርም። ውሃውን የተሸከመ እሱ ነው። ከኋላ ከኋላችን ይመጣ ነበር።» እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ግን ስትሰማው የማንም ሰው ሊሆን ይችላል፤ በየቀብሩ የሚባል ነገር ነው።

«ነፍስ ይማር» አለች ብዙነሽ በትሕትና፣ ማንቆርቆሪያውን ለመያዝ እጇን እየዘረጋች። ከበር አጠገብ ያሉት የራሳቸውን ወሬ ጀመሩ። ኤሌኒ የመደቡን ምንጣፍ ጫፍ ትነጫለች። ጌጡ ከዚህ ቤት ሊወጣ ነው፤ ፈንታነሽ ሲወጣ ታየዋለች፣ እንደ ልማዱ ምንም ሳይናገር።

«ጅብ መጣ» አለች።

ማንቆርቆሪያው አየር ላይ ቆመ። «ምን አሉ?»

«ያን ሌሊት። ቅጽሩ ውስጥ እንደ ተኛን። ጅብ መጣ።»

«አንድ ጅብ?»

«ሦስት» አለች ፈንታነሽ። ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ልትመልሰው አልፈለገችም። «ሙላቴ ተኝቷል። እቴነሽም ተኝታለች። ጌጡ ብቻ ነቅቶ ነበር። አልሮጠም! ማንም ሮጠ ቢላችሁ አልሮጠም። ተነሥቶ ድንጋይ አነሣ፤ ግንበኛ ነው፣ ድንጋይ መምረጥ ያውቅበታል።» ከጥግ ሣቅ ተሰማ፣ የኅዳሩ ዓይነት ያልሆነ ሣቅ። ከበር አጠገብ ያሉት ወሬያቸውን ትተው ዞሩ። «በዚያ ብርድ፣ በነጠላ ብቻ!»

«ጋቢያቸውስ?» አለች ብዙነሽ።

ፈንታነሽ ተንተባተበች። «እኔ ላይ ነበር» አለች። «አተኩሶኝ… አልብሶኝ ነው።»

ኤሌኒ ቀና አለች። ሙላቴ ዋንጫውን አስቀመጠና ስም ሳያነሣ፣ ቃል እየመረጠ ተናገረ።

«እውነቷን ነው። ጅቦቹ ሦስት ነበሩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋቢውም እሷ ላይ ነበር። እሱንም በዓይኔ አይቻለሁ።»

ፈንታነሽ ለጋቢው ምስክር ፍለጋ ሐሙሲት ድረስ ተንከራትታለች፤ ያችን የጋቢውን ቃል ብቻ አንድ ሰው ቢምልላት ያላትን ሁሉ ትሰጥ ነበር። ይህ ሰው ደግሞ እሷ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ከራሷ ከፈጠረቻቸው ሦስት ጅቦች ጎን አስቀምጦ ሰጣት፤ ሁለቱንም በአንድ ፊት፣ በአንድ ድምፅ። አይቶ ነው? ወይስ ለእሷ ብሎ? ዓይኑን ፈለገችው፤ ዋንጫውን አንሥቶ ይጠጣል። ልትጠይቀው አትችልም። ጋቢውን እውነት ነው ወይ ካለችው ጅቦቹ ይወድቃሉ፤ ጅቦቹ ከወደቁ ጌጡም አብሮ ይወድቃል። ዕድሜ ልኳን እንደ ተናደደችበት ሁሉ አሁንም ተናደደችበት፤ አንገቱን ይዛ እውነቱን ልታራግፈው ወደደች።

«ከዚያስ፣ እማማ?» አለች ኤሌኒ፣ ወደ እሷ ጠጋ ብላ። «አባባ ምን አደረጉ?»

ፈንታነሽ ዓይኗን ከሙላቴ ላይ ሳታነሣ፣ «ከዚያማ» አለች በንዴት፣ «ትልቁን ጅብ ግንባሩን አለው።»